ከአዲስ አበባ በብስክሌት፦ ቢሾፍቱ፣ ሱባ፣ ወንጪ ወይስ ላንጋኖ?

ባለፈው ቅዳሜ አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዘን ቁጭ ባልንበት ሦስት ጓደኞቼ ተጨቃጨቁ። አንዱ «ወንጪ» አለ። አንዷ «ላንጋኖ» አለች። ሦስተኛው ብስክሌት ከገዛ ገና ወሩ ነው፣ ኮርቻው ላይ ያለው ላስቲክ እንኳን አልተላጠም፣ እሱ ደግሞ «ለምን ሀዋሳ ድረስ አንሄድም?» አለ። ክርክሩ ሁሉ ስለ ውበት ነበር። የቱ ሐይቅ ያምራል፣ የቱ ጫካ ይበልጣል። እኔ ግን ከዚያ በፊት የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ እንዴት ነው የምንመለሰው?

አዲስ አበባ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። መሀል ከተማው 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቢሾፍቱ 1,900 አካባቢ ነው፣ ባቱ (ዝዋይ ማለቴ ነው፣ እኔ አሁንም አፌ የሚቀናው ዝዋይ ማለት ነው) ወደ 1,640 ይወርዳል። ስለዚህ ወደ ደቡብ ስትሄዱ ብስክሌቱ ራሱ ይዟችሁ ይሄዳል። «እኔ እኮ ጎበዝ ነኝ» ትላላችሁ። በማግስቱ ፀሐይ አናት ላይ ሆና ከዱከም ወደ ቃሊቲ ስትገፉ ጉብዝናው የማን እንደነበር ይገለጥላችኋል። የቁልቁለቱ ነበር።

ስለዚህ አራቱን መንገዶች የማወዳድረው በዚህ ነው። ዳገቱ የት ላይ ነው? ሲደክማችሁ ብስክሌቱን የሚጭን መኪና ታገኛላችሁ ወይ? ውበቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ደግሞም አራቱም ያምራሉ።

ቢሾፍቱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ

45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው በሦስት ሰዓት ይደርሳል። ፈጣን መንገዱ ብስክሌት አያስገባም፣ ስለዚህ የምትሄዱት በአሮጌው መንገድ፣ በቃሊቲ በአቃቂ በዱከም ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መንገዱ ራሱ ቆንጆ አይደለም። ፋብሪካ፣ አቧራ፣ ሲኖትራክ ነው። መሀል ከተማ በኮሪደር ልማቱ በተሠራው የብስክሌት መስመር ላይ ተንቀባራችሁ የምትነዱት ልጆች፣ ከቃሊቲ ወዲያ አስፋልቱ የማን እንደሆነ ታዩታላችሁ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ እሁድ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መነሳት። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ዱከም ካለፋችሁ ግማሹን ጣጣ ሸሻችሁ።

ከተማው ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሐይቆቹ፣ ቢሾፍቱ፣ ሆራ አርሰዲ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ፣ ሁሉም ተቀራርበው ነው ያሉት። አብዛኞቹ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠሩ ናቸው፣ ለዚህም ነው ሐይቁን ሳታዩት ድንገት አፋፉ ላይ የምትቆሙት። በመኪና የመጣ ሰው አንዱ ሪዞርት ገብቶ አንዱን ሐይቅ አይቶ ይመለሳል። በብስክሌት ግን በግማሽ ቀን ሁሉንም ትዞሯቸዋላችሁ። ወፍ የሚወድ ሰው ካላችሁ ጨለለቃንም ጨምሩ፣ ጥልቀት የሌለው፣ እንደ ወቅቱ የሚሞላና የሚጎድል ውሃ ነው። ከመስቀል በኋላ ባለችው እሁድ ግን አትሂዱ፤ ሆራ አርሰዲ ላይ እሬቻ ይከበራል፣ ሄዳችሁ ካከበራችሁ እሰየው፣ ብስክሌት ይዛችሁ ግን መላወሻ የለም።

እዚህ መንገድ ላይ አንድ ትምህርት ገዝቻለሁ። ዱከም ልገባ ስል የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። ከፈነዳ የመኪና ጎማ ውስጥ የሚወጣውን ቀጭን ሽቦ ታውቁታላችሁ? እሱ ነው የወጋኝ። መንገድ ዳር አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ አገኘሁ። ከመነዳሪውን አወጡና ሳፋ ውሃ ውስጥ እየነከሩ በጣታቸው ያዞሩት ጀመር። አረፋ ቡልቅ አለ። «ይኸውልህ ልጄ፣ ሁለት ቦታ ነው» አሉኝ። ፍቀው፣ ማስቲሽ ቀብተው፣ እፍ ብለው ለጠፉት። እጃቸው ይባረክና በአሥር ደቂቃ አለቀ። ከዚያ ሊነፉት ሲሉ ግን ኮምፕሬሰሩ አልገጥም አለ። የእኔ ከመነዳሪ ነፋስ የሚገባበት ጫፉ ቀጭኑ፣ የውድድር ብስክሌት ዓይነቱ ነበር። የእሳቸው ለመኪና ነው። «አባባ ምን ይሻላል?» ብላቸው ሳቁና «መግፋት ነዋ!» አሉኝ። ገፋሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫፉ እንደ መኪና ጎማ ወፍራም የሆነውን ብቻ ነው የምገዛው። በየትኛውም የኢትዮጵያ መንገድ ጎሚስታ አይጠፋም፣ የቀጭኑን መንፊያ የያዘ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

መመለሻው? ከቢሾፍቱ ወደ አዲስ አበባ ሚኒባስ እንደ ልብ ነው። ብስክሌቱ ፖርቶመጋላ ላይ ይወጣል። ረዳቱ መጀመሪያ የሁለት ሰው ሂሳብ ይጠራል፣ ትስቃላችሁ፣ በአንድ ሰው ትስማማላችሁ። ገመዱን ግን ከቤታችሁ ያዙ፤ የእነሱ ገመድ ፍየል ሲያስር የኖረ ነው፣ ቀለሙን ይልጠዋል። ካቴናው ወደ ላይ ሆኖ ይተኛ፣ ከሥሩ ካርቶን ጣል አድርጉ።

ሱባ፣ ጫካ ብቻ ለሚፈልግ

ሐይቅ የለውም። ጫካ ነው፣ ያውም ምን ዓይነት ጫካ! በወጨጫ ተራራ ጎን ላይ ያለ የጽድ፣ የዝግባ፣ የወይራና የኮሶ ደን ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል፣ ምኒልክም በኋላ አስጠብቀውታል። ጉሬዛ ታያላችሁ። ዕድል ከቀናችሁ የምኒልክ ድኩላም።

ከመሀል አዲስ አበባ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይቻላል፣ ግን ቀላል አይደለም። በሰበታ በኩል አስፋልቱን ከለቀቃችሁ በኋላ ጠጠርና ዳገት ነው፤ ቀጭን ጎማ ይዛችሁ እንዳትሞክሩት። አንድ ነገር ደግሞ አትሳሳቱ፣ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ በአምቦ መንገድ ያለችው መናገሻ ከተማና መናገሻ ሱባ ደን አንድ ቦታ አይደሉም። አንድ ጓደኛዬ መናገሻ ከተማ ደርሶ ጫካው የት አለ ብሎ ሲጠይቅ የዋለበት ቀን አለ። እስካሁን እናነሳበታለን።

ከቢሾፍቱ ጋር ሳወዳድረው፣ ቢሾፍቱ ለእግር ይቀላል ለሳንባ ይከብዳል፣ ሱባ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ጭስ የሰለቸው ሰው ሱባ ይሂድ። ብቻችሁን ግን አትግቡ። ተራራው ጫፍ 3,385 ሜትር ነው፣ እዚያ ድረስ በብስክሌት እወጣለሁ የሚል ካለ እኔን አይጥራኝ።

ወንጪ፣ አቅጣጫውን ካወቃችሁበት

ወንጪ የሚያምረውን ያህል ሰው የሚያማርርበትም መንገድ ነው። የሚያማርሩት ግን በተሳሳተ በኩል የገቡት ናቸው።

ሐይቁ በአምቦና በወሊሶ መካከል፣ ከፍ ባለ ተራራ አናት ላይ፣ የእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ ነው ያለው። አፋፉ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አምቦም ወሊሶም ከሱ ወደ 1,000 ሜትር ያህል ዝቅ ይላሉ። ማለትም በየትኛውም በኩል ብትመጡ ዳገት አለ፣ ማምለጫ የለም። ያላችሁ ምርጫ ዳገቱን በብስክሌት ወይስ በመኪና የሚለው ብቻ ነው። እኔ የምመክረው ይህን ነው፦ ሦስት አራት ከሆናችሁ ፒክአፕ ተከራዩ፣ ብስክሌቶቹን ጭናችሁ ወንጪ አፋፍ ድረስ ውጡ፣ እዚያ እደሩ፣ በማግስቱ ጠዋት ወደ ወሊሶ ውረዱ። የእንሰቱን ማሳ በግራ በቀኝ እያያችሁ፣ ፍሬን ብቻ እየያዛችሁ። ከወሊሶ አዲስ አበባ 115 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ በቱሉ ቦሎና በተፍኪ በኩል፣ የበቾን ሜዳ አቋርጦ። ሜዳ ስለሆነ እግር ላለው ሰው ይነዳል። እግር ለሌለው ሰው ደግሞ ወደ አየር ጤና የሚመጣ ሚኒባስ አለ። አያፍርም፣ ይሳፈራል።

ዳገቱን በእግሬ ካልበላሁት ጉዞ አይመስለኝም የምትሉ ካላችሁ ደግሞ፣ ከአስኮ አምቦ ድረስ በመኪና ሂዱና በአምቦ በኩል ውጡ። አምቦ ማደሩ በራሱ ጥሩ ነው፣ ፍል ውሃው ውስጥ ገብቶ እግርን ማላላት አለ፣ የአምቦ ውሃን ከምንጩ አጠገብ መጠጣት አለ። ግን አስቀድማችሁ ራሳችሁን ፈትኑ። ፈተናው ቅርብ ነው፦ ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም። ሳትወርዱ ከወጣችሁት ወንጪን አትፍሩ። ሽሮ ሜዳ ሳትጨርሱት ከብስክሌት ከወረዳችሁ ፒክአፑን ጥሩ።

አፋፉ ላይ ስትደርሱ ባለፈረሶች ይመጣሉ። ሐይቁ ታች ነው፣ በፈረስ ወይም በእግር ይወረዳል፣ ከዚያ በጀልባ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ወዳለበት ደሴት መሻገር ይቻላል። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ «ብስክሌት እያለኝ ፈረስ ምን ያደርግልኛል?» ብዬ እየተፈናጠርኩ ወረድኩ። ደስ ሲል! ከዚያ መመለስ መጣ። አንዱ ባለፈረስ ከኋላዬ ፈረሱን እየሳበ ይከተለኛል። አይለምንም፣ አይናገርም። እኔ ብስክሌት እገፋለሁ፣ እቆማለሁ፣ እሱም ይቆማል። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ዞር ብዬ «ስንት አልከኝ ቅድም?» አልኩት። «ቅድም ሌላ ነው፣ አሁን ሌላ ነው ወንድሜ» አለኝ። ልክ ነው። እኔ ፈረሱ ላይ፣ ብስክሌቴ እሱ ትከሻ ላይ ሆነን ወጣን።

ወንጪ እ.ኤ.አ. በ2021 በተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል፣ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክትም ብዙ ተሠርቶበታል። ስለዚህ ማደሪያው እንደ ድሮው ድንኳን ብቻ አይደለም። ብርዱ ግን ያው የድሮው ብርድ ነው። ጋቢ ያዙ። ቀልዴን አይደለም፣ ጃኬት አይበቃም፣ ጋቢ። አንድ ቀን ትርፍ ያለው ሰው ደንዲ ሐይቅንም ይይ፤ እሱ ደግሞ ስምንት ቁጥር የሚመስል ሐይቅ ነው።

የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች፣ አራት አምስት ቀን ላለው

እውነተኛው ጉዞ ይሄኛው ነው። አዲስ ለሆነ ሰው ግን አይደለም፣ ባለ ላስቲኩ ጓደኛዬ ይቅርታ ያድርግልኝ።

አዲስ አበባ–ሀዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው መንገድ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ አድርጎ ሻሸመኔ የሚወስደው ነው። ሜዳ ነው፣ ምግብ ቤት በየቦታው አለ፣ ብስክሌት የሚጭን መኪና አይጠፋም። ችግሩ የከባድ መኪናው ብዛት ነው። ከሁሉ ደግሞ የጫት መኪና። ጫት ይጠወልጋል፣ ሹፌሩ ይበራል፣ እናንተ ዳር ትይዛላችሁ፣ ዳሩ ደግሞ አሸዋ ነው። ከኋላ ጥሩንባ ስትሰሙ መከራከር የለም፣ አስፋልቱን ለቆ መውረድ ነው።

እኔ ለባቱ የምመርጠው ሌላውን ነው፤ የቡታጅራን። በአለም ገና ወጥታችሁ፣ መልካ ቁንጥሬ ላይ አዋሽን ተሻግራችሁ፣ ጢያን አልፋችሁ ቡታጅራ ታድራላችሁ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ ባቱ ትገባላችሁ። በሞጆ ከመሄድ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ዳገትም ይበዛዋል። ነገር ግን የሲኖትራኩ ቁጥር ይቀንሳል፣ ሁለት የዓለም ቅርስም በመንገድ ላይ ይገኛል፦ የጢያ ትክል ድንጋዮች እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ የተመዘገቡ ናቸው፣ መልካ ቁንጥሬ ደግሞ በ2024 ተጨምሯል። ከቡታጅራ ወደ ባቱ የሚወርደው ጠዋት፣ ብርዱ ቀስ በቀስ ከትከሻችሁ ላይ እየለቀቀ፣ ባሕር ዛፉ አልቆ ግራር ሲጀምር፣ እኔ በብስክሌት ካሳለፍኳቸው ጠዋቶች ሁሉ የምወደው ነው።

ግራሩ ሲጀምር ግን እሾሁም ይጀምራል። በዛፍ ጥላ ሥር አረፍ ልበል ብላችሁ ብስክሌቱን እየነዳችሁ እንዳትገቡ፣ ተሸከሙት። ለዚህ መንገድ ሁለት ትርፍ ከመነዳሪ፣ መለጠፊያና የእጅ መንፊያ የግድ ነው።

ባቱ ላይ ሐይቁ ዳር ሂዱ። ዓሣ አጥማጆቹ ዓሣ ሲበልቱ አባ ኮዳዎቹ፣ መላጣ ራስና የተንጠለጠለ ጉሮሮ ያላቸው ግዙፍ ወፎች፣ እንደ ሥጋ ቤት ደንበኛ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። አንዱ አጠገቤ ቆሞ ቦርሳዬን ሲመረምር ነበር፣ ቁመቱ ደረቴ ይደርሳል። ዓሣ ጥብስ ብሉ፣ ውሃው ውስጥ ግን አትግቡ፣ ቢልሃርዚያ አለ። መዋኘት ካማራችሁ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ታገሱና ላንጋኖ ግቡ። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው፣ ጭቃ ይመስላል፣ መጀመሪያ ያየ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል፤ ሰው በነፃነት የሚዋኘው ግን እሱ ውስጥ ነው።

ከመንገዱ ማዶ አብያታና ሻላ አሉ። ሁለቱ አንድ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ጎን ለጎን ሆነው ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ሻላ ጥልቀቱ ከ260 ሜትር ይበልጣል፣ በሀገራችን ጥልቁ ሐይቅ ነው። አብያታ ደግሞ ጥልቀት የለውም፣ ለመስኖና ለሶዳ አሽ ውሃው ሲሳብ ዓመት በዓመት ሸሽቷል። የድሮ ፎቶ አይታችሁ ከሆነ የምትሄዱት፣ ውሃው በነበረበት ላይ ነጭ መሬት ነው የምታገኙት። ዳሩ ጠንካራ ይመስላል፣ ግን ብስክሌት ይሰምጥበታል፣ በእግራችሁ ሂዱ።

ከዚያ ሻሸመኔ ነው። ሻሸመኔን ቶሎ እለፉት፣ የባጃጁ ብዛት ሌላ ነው። ጫካ የናፈቀው ወደ ወንዶ ገነት ይታጠፍ፤ ደኑ አለ፣ ፍል ውሃው አለ፣ አራት ቀን የተንገላታ ወገብ እዚያ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚያወጣውን ድምፅ እዚህ ልጽፈው አልችልም። ሀዋሳ መጨረሻው ነው። ሐይቁ ዳር ያለው መንገድ ለብስክሌት የተሠራ ይመስላል፣ አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ ጠዋት ዓሣ ይበላል፣ ጉሬዛው ዛፍ ላይ ሆኖ ምሳችሁን ያያል። ብስክሌቱን ጭናችሁ በአንድ ቀን አዲስ አበባ ትገባላችሁ። ሀዋሳ ደርሼ በብስክሌት እመለሳለሁ የሚል ሰው አላውቅም፣ ካለም መንገዱ ከሻሸመኔ በፊት ሐሳቡን ያስቀይረዋል።

መቼ፣ በምን

ከጥቅምት እስከ ጥር። ጥቅምትና ኅዳር ከሁሉ ይሻላሉ፤ ዝናቡ አቁሟል፣ መሬቱ ገና አረንጓዴ ነው፣ የበቾ ጤፍ ቆሟል። ከየካቲት ወዲህ ስምጥ ሸለቆው ይፋጃል፣ በቀን ሦስት ሊትር ውሃ አይበቃም። ክረምት ላይ ሱባን እርሱት፣ ጭቃው ጎማና ፍሬኑ መሀል ገብቶ ቸርኬው አይዞርም።

ብስክሌቱ ውድ መሆን የለበትም። ፊትም ኋላም ስፕሪንግ ያለውን፣ እንደ ሞተር የሚያብረቀርቀውን ርካሽ ብስክሌት ግን አትግዙ። ይከብዳል፣ ዳገት ላይ ጉልበታችሁን ስፕሪንጉ ይበላዋል። ያገለገለ፣ ቀላል፣ ማርሹ በደንብ የሚገባ፣ ከኋላ ዕቃ መጫኛ ያለው ይበቃል። ቦርሳ ጀርባ ላይ አይታዘልም፣ ብስክሌቱ ይሸከመው።

የመንገዱን ሰላም በተመለከተ ደግሞ፣ በተለይ ለወንጪና ከሞጆ ወዲያ ላለው፣ ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ቀን መናኸሪያ ሂዱና ሹፌሮቹን ጠይቁ። ትናንት የሄደ ሹፌር ከማንም በላይ ያውቃል። «አሁን ባትሄዱ ይሻላል» ካለ አትሂዱ፣ ቢሾፍቱ የትም አይሄድም። ሲመሽ መንዳት በየትኛውም መንገድ የለም፣ 11 ሰዓት ላይ ማደሪያችሁ ውስጥ መሆን አለባችሁ።

ልጆች ይከተሏችኋል። እየሮጡ። አንዳንዱ በባዶ እግሩ ከእናንተ ይፈጥናል፣ ያሳፍራል። «አንድ ዙር!» ይላሉ። ጊዜ ካላችሁ አንድ ዙር ስጧቸው።

የቅዳሜው ክርክር እንዴት አለቀ? ላንጋኖ ያለችው በኅዳር በቡታጅራ በኩል እንሄዳለን ብላ እኔን አሳምናለች። የወንጪው ፒክአፕ እየፈለገ ነው። ባለ ላስቲኩ ትንሽ አኮረፈ፣ ከዚያ ሁለተኛ ማኪያቶ ጋበዝኩትና ለቢሾፍቱ ተስማማ። እሁድ 12 ሰዓት፣ አራት ኪሎ ሐውልቱ ሥር። ገመዱን እኔ እይዛለሁ፣ ካርቶኑን እሱ።